መቆሚያ

ከዘምባባው ጀርባ፣ በምድር ቤቱ ክፍል፣
ሮቶ ቆርጠን ለሁለት፣ ውሃ ሞልተን እኩል፣
የዱቄት ወተት በጥብጠን እስኪነጣ፣ እስኪደፈርስ፣
አንድ ጣት ከውሃው በታች፣ ዓይን ከማይደርስ፣
ትንሽ መቆሚያ ሸሸግን።
አይጦቹ ይዋኛሉ፤ እኛ ሰዓት እንይዛለን።

ቁጥሯ አሥራ ሰባት። ጆሮዋ ላይ ሁለት ብጣት።
በመጀመሪያው ቀን ስትጠፋ አንድ ደቂቃ ሞላት፣
በአራተኛው ግን ስድስት ሰከንድ በቃት።
ቀጥ ብላ ሄዳ ትወጣለች፤
ጺሟን ጠርጋ ታየኛለች።

በአምስተኛው ቀን አስተኛኋት።
ዶክተር ፈንታነሽ ቱቦውን ጭንቅላቷ ላይ አቆመች፤
ናሱ ወረደ። ድምፁ ትንሽ ነበረች፣
ማንኪያ ከገበታ እንደ መውደቅ እንኳ ያልሆነች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲባል ነው ያደግነው።
እዚህ ተገለበጠ፤
ሰው ወደቀና አይጥ ተመታች፣
ጎታም የለ፣ ዳዋም የለ፤ አንዲት ቅንጣት አልበላች።
እናቴ ትስቃለች፦ «ለዚህ ነው ያስተማርሁሽ?
እህላችንን የፈጀችውን እንድታጎርሻት ጥሬ ይዘሽ?»

ወንድሜ ይርሳው ይባላል።
ከሱ በፊት የሞተውን ሆዴ ይርሳው ብላ ያወጣችው ስም ነው።
ስሙ አድራሻ ተሳስቶ ይሆናል እሱን ያገኘው።
ደቅ ድረስ ጀልባ ይነዳ ነበር፣ በጉም ውስጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ነፋሱን በጉንጩ አንብቦ፣ ሞተሩን በጆሮው መዝኖ።
ሰባታሚት መንገድ ላይ ባጃጅ ተገለበጠበት።
አጥንቱ ገጠመ፤ ፀጉሩ የስፌቱን ጠባሳ ሸፈነለት።
አሁን ወደቡ ላይ ቆሞ፣ የእምቦጩን አበባ እያየ፣
«ደቅ በየት ነበር?» ይላል።
መልሼለት ሳልጨርስ ደግሞ ጠየቀ፤ ቆየ።

አሥራ ሰባተኛዋም ዳር ዳሩን ትዞራለች፣
እንደ መሸበት እንግዳ ግድግዳውን ትዳስሳለች።
ስልሳ ሰከንድ። ስልሳ ሰከንድ። ስልሳ።
እጄን ሰድጄ አነሣታለሁ፤
ልቧ መዳፌ ላይ ይሮጣል፤ እሷ ግን ዝም።

ማታ ማታ፣ የሌሎቹን አንጎል በስሱ ቆርጠን፣
አረንጓዴ የሚያበራውን በማይክሮስኮፕ እናያለን።
ፈንታነሽ ታስረዳኛለች፦ የቆሰለ ሕዋስ ይጽፋል፣
ለጎረቤቱ ደብዳቤ፤ «አትሙት፤ ተባዛ፤ ቁስሉን ዝጋ» ይላል።
ደኅና ደብዳቤ ነው፤ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለው።
ማዶ ክፍል ያሉት አይጦች፣ ጎናቸው ያበጠው፣
ያንኑ ነው የያዙት፣ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል፤
አራት ነጥቡ ብቻ ጎድሏል።
ተባዛ፣ ተባዛ፣ ተባዛ፣
ተባዛ፣

እንደ እምቦጭ ነው ልል ነበር፤ ተውሁት። እዚህ አገር ሁሉም ይለዋል።

አንዱ መቆሚያው የት እንደሆነ ጠፋው፣
ሌላው ከነጭራሹ መቆሚያ የለው፤
ይህን መዝገቡ ጫፍ ላይ ጻፍሁ።
ፈንታነሽ አይታ፣ «ቅኔ ሳይሆን ቁጥር ጻፊ» አለችኝ።
ቁጥር ጻፍሁ።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ጣና ላይ ዝናብ ሲያጉረመርም፣
አይጧን ውሃ ላይ እንደለቀቅኋት መብራት ጠፋ።
የመዳፎቿ ድምፅ ብቻ፣ ቀዘፋ ቀዘፋ፣
ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ፤
ከዚያ ቀጥ አለ።
ሰጠመች ብዬ ስልኬን ስፈልግ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣
ባበራው
መቆሚያው ላይ ናት። ጺሟን ትጠርጋለች።
ስንት ሰከንድ? አላየሁም።
«አይቆጠርም» አለች ፈንታነሽ። ልክ ናት። ባዶውን ተውነው።
ነገ የሷም ተራ ነው፤ በስሱ፣ መስተዋት ላይ።

ቤት ስደርስ መብራቱ አልመጣም ነበር።
ይርሳው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፣ ዝናቡ ጉልበቱን እየነካው።
«ዓይንህን ጨፍን» አልሁት፤ «ደቅ በየት ነው?»
መልስ አልሰጠኝም።
ጉንጩን ቀስ አድርጎ
ወደ ነፋሱ አዞረ።

ሰዓት አልያዝሁም።